ሽማግሌ ሆኜ ኔፓል ሄድኩ

ከተመለስኩ ወዲህ ደብረ ታቦር ውስጥ መንገድ መሄድ አቅቶኛል። ገበያ ስወጣ አንዷ ዘንቢሌን ይዛ ታስቆመኛለች፤ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ሌላዋ ነጠላዬን ትጎትታለች፤ ለቅሶ ቤት እንኳ «እስቲ እዚያ አገር ቀብሩ እንዴት ነው?» ተብዬ ተጠይቄአለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩበት ጉሮሮ በሦስት ሳምንት ወሬ ተዘጋ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ከእንግዲህ የሚጠይቀኝ ሰው ይህን ያንብብና እኔም ሽንኩርቴን ልግዛበት።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልናገር፤ ለሽርሽር አልነበረም። ልጄ ሰናይት ነርስ ናት። ሱራጅ የሚባል ኔፓላዊ ደግሞ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ያስተምራል፤ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ተከራይቶ አራት ዓመት ኖሯል። ተዋደዱ። እኔ ከእነሱ ቀድሜ ነው ያወቅሁት፤ ሰው ለአከራይ ብሎ በየጠዋቱ ግቢ አይጠርግም። የሃይማኖቱን ነገር ልጆቹና የንስሐ አባታችን ይዘውታል፤ እኔ እዚህ አልገባበትም።

ባለቤቴ ግን አንድ ነገር ላይ ችክ አለ። «እናት አባት የሌለው ይመስል እንዲሁ ልጄን አንጠልጥሎ አይሄድም። ከአባቱ አንድ ቃል ይምጣልኝ» አለ። ችግሩ፣ የሱራጅ አባት ነገሩን ከሰሙ ጀምሮ ዓመት ሙሉ የልጃቸውን ስልክ አላነሡም። እዚህ አንድ አባት አልሰጥም ይላል፣ እዚያ አንድ አባት አልናገርም ይላል፣ ልጄ መሐል ቤት ትከሳለች። የሱራጅ እህት ሱኒታ ደውላ «ዳሻይን የሚባል ትልቅ በዓላችን ደርሷል፤ በዳሻይን እንግዳ ከደጅ አይመለስም። እሱ ቢመጣ በሩን ይዘጉበታል፣ እርስዎ ቢመጡ ግን አይችሉም» አለችኝ።

«እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

ባለቤቴ ሊፈነዳ ደረሰ። «የሴት ልጅ ወላጅ ሽማግሌ ይቀበላል እንጂ ሽማግሌ ሆኖ ይሄዳል? ያውም ሴት? አገሩ ምን ይለኛል?» አለ። «አገሩ ሲጨንቅህ ልጅህ ታልቅ» ብዬው ወጣሁ። ሦስት ቀን አኮረፈኝ። በአራተኛው ቀን ገሳይ ከተማ ያለች እህቱ ቤት ደርሶ መጥቶ፣ አንድ ፌስታል የገብስ በሶ ምንም ሳይናገር ሻንጣዬ ውስጥ ከተተ። የንስሐ አባቴን ስሰናበት ደግሞ «ምርቃት ከሆነ ተቀበይ፤ ለጣዖት ስገጂ ካሉሽ እንቢ በይ» አሉኝ። ይህንን ስንቅ ይዤ ተነሣሁ።

ሰኞ።

መስቀል ባለፈ በአሥረኛው ቀን በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ ወደ ባሕር ዳር። ደመናው ከጉና ላይ ገና አልተነሣም። በሁለት ሹራብ ላይ ጋቢ ደርቤአለሁ፤ ሂማሊያ ነዋ የምሄደው! ወረታ ስንወርድ የፎገራ ሩዝ አሽቶ ሜዳው ወርቅ መስሎ ተኝቷል። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ «የት ነሽ ልጄ እንዲህ ተሸፋፍነሽ?» አሉኝ። «ኔፓል» አልኳቸው። «ከደንበጫ ወዲያ ነው?» አሉ። «ትንሽ ያልፋል» አልኩ።

ከባሕር ዳር በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ማምሻውን ወደ ዓረብ አገር። አውሮፕላን ስሣፈር የመጀመሪያዬ መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም። ቀበቶውን ማሠር አቅቶኝ ስታገል አስተናጋጇ መጥታ ቀጭ አደረገችልኝ፣ እኔም የማውቀው መስዬ አንገቴን ነቀነቅሁ።

ማክሰኞ።

ዓረብ አገር አውሮፕላን ስንቀይር ልቤን የነካ ነገር አየሁ። ከእኛ ጋር የወረዱት አብዛኞቹ ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ የእኛ ልጃገረዶች ናቸው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቦርሳ አንግበዋል። በሌላው በኩል ደግሞ ለግንባታ ሥራ የመጡ የኔፓል ጎረምሶች አንድ ዓይነት ኮፍያ አድርገው ይጠብቃሉ። ሁለቱ ሰልፎች ጎን ለጎን ቆመው ይተያያሉ። አንዱ ጎረምሳ ለአንዲቷ ልጃችን ማስቲካ ሰጣት፤ ሳቀች። እኔ ለተማሪዎቼ ኔፓል ማለት ኤቨረስት ነው እያልኩ ስኖር፣ አንድ ሰልፍ ላይ እንደምንገናኝ የነገረኝ መጽሐፍ አልነበረም።

ካትማንዱ ስንደርስ ከአውሮፕላኑ በር ላይ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ኧረ ጉድ! የዓለም ጣሪያ ያልኩት አገር ዋና ከተማ ከደብረ ታቦር ዝቅ ብሎ ነው ያለው! ከፍታውን እኮ አውቀዋለሁ፤ ሰሌዳ ላይ ስንት ዓመት ጽፌዋለሁ። ግን ቁጥር በአንጎል ማወቅና በሁለት ሹራብ ማወቅ ይለያያል። ወጣሁ ብዬ ወርጄአለሁ። ጋቢዬን በእጄ ይዤ፣ ላቤን እየጠረግሁ ወጣሁ።

ሱኒታ ደጅ ላይ ቆማለች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ እንደ እኔው መምህርት፤ እንግሊዝኛ ታስተምራለች፣ ጉዞውን ሁሉ ያስተረጎመችልኝ እሷ ናት። አደይ አበባ በሚመስል ቢጫ አበባ የተሠራ ጉንጉን አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ። ሰዓቴን ላስተካክል ብላት «ሁለት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ይጨምሩ» አለችኝ። «አሥራ አምስቷ ደቂቃ የት ሄደች?» ስላት ሳቀች፤ ከህንድ ጋር አንድ ላለመሆን እንደሆነ ነገረችኝ። ዘመን አቆጣጠራቸውም የራሳቸው ነው። እኛ ከፈረንጅ ወደ ኋላ ስንሆን እነሱ ወደ ፊት ናቸው። ከ2017 ተነሥቼ 2081 ላይ አረፍኩ! ከቤቴ ከወጣሁ በሁለተኛው ቀን ስድሳ አራት ዓመት አለፈኝ ማለት ነው። «ታዲያ ጡረታዬ ደርሷላ» አልኳት።

የቀኑን እኩሌታ ከተማውን አዞረችኝ። በቀይ ጡብና በተቀረጸ እንጨት የተሠራ የነገሥታት ግቢ አየሁ። ነገሥታቱ መነሻቸው ጎርካ የምትባል ተራራ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት፤ አንዱ ከዚያ ወርዶ የተበታተኑትን ትንንሽ ግዛቶች አንድ አደረገ። ደስ አለኝ፤ እኔም ንጉሥ ከተማው ካደረገው፣ ጋፋት ላይ መድፍ ካሠራበት አገር ነኝ። እነሱንም ማንም አልገዛቸውም፤ ንጉሣቸውም እንደ እኛው ዛሬ የለም። ሱኒታ ይህንን ስትነግረኝ «እኛም! እኛም!» እያልኩ ክንዷን ስመታት ውዬ ማታ ክንዷን ስታሽ አየኋት። መንገዱ ደግሞ ለበዓሉ በመጡ ፍየሎች ተጥለቅልቋል። የእብናት ገበያ ካትማንዱ ድረስ የመጣ ነው የመሰለኝ። የአንዱን ሙክት ወገብ በእጄ ጨበጥ አድርጌ «ስቡ ደህና ነው» አልኩ፤ ሻጩ ሳይገባው ገባው።

ረቡዕ።

የሱራጅ ወላጆች የሚኖሩት ያችው የጎርካ ተራሮች ውስጥ ነው። በማለዳ አውቶቡስ ተሣፈርን፤ ሰው ከታች፣ ፍየል ከላይ። ጣሪያው ላይ ፍየሎቹ ሲንቀሳቀሱ ኮቴያቸው ራሴ ላይ የሚራመድ ይመስል ነበር። መንገዱ ወንዝ ይዞ ይወርዳል፤ ገደሉ ሊማሊሞን ያስንቃል። ተራራው ከሥር እስከ ጫፍ እርከን ነው፣ እርከኑ ላይ ሩዝ። ፎገራ ሜዳ ላይ የሚተኛው ሩዝ እዚህ ደረጃ ይወጣል።

መንገድ ላይ ሱኒታን የዘመድ መጠሪያ አስተማርኳት፣ እሷም አስተማረችኝ። እናት «አማ»፣ አባት «ባ»፣ እንግዳ «ፓሁና»። ልጆቻቸው የተጋቡ ወላጆች እርስ በርሳቸው ሲጠራሩ ሴትዮዋ «ሳምዲኒ» ትባላለች። «ባ ሳምዲኒ ካሉኝ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው?» አልኳት። «ያን ቀን ያለቀ ነው» አለች፤ ከዚያ እውነቱን ነገረችኝ። አባቷ ልጅቷን ጠልተው አይደለም። ሱራጅ ብቸኛ ወንድ ልጃቸው ነው። በእነሱ ወግ አባት ሲሞት እሳቱን የሚለኩሰው ወንድ ልጅ ነው። መንደሩ ጎረምሶቹን ሁሉ ለባዕድ አገር ሰጥቶ ጨርሷል፤ ብዙ አባት በወንድም ልጅ፣ በጎረቤት እጅ ተቃጥሏል። «እዚያ ካገባ አይመለስም፣ ማን ይለኩስልኛል ብለው ነው» አለች። ያን ጊዜ የሽማግሌነቴ ጉዳይ ከበደኝ። ቁጡ ሰው መለመን ይቻላል፤ የፈራ ሰው ግን ምን ተብሎ ይለመናል?

ከቀትር በኋላ ተራራው ተንዶ መንገዱን ዘጋው። ክረምታቸው ገና መውጣቱ ነው። ሹፌሩ ወርዶ አየና ሲጋራ ለኮሰ፤ የትም አገር የሹፌር ተስፋ መቁረጥ አንድ ነው። ዳገቱ ሥር አንዲት ሴት ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ሩዝ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመን፤ «ዳል ባት» ይሉታል፤ ጠዋትም እሱ፣ ማታም እሱ፣ በእጅ ነው የሚበላው። ምስሩን ሳይ ደስ ብሎኝ እጄን ታጥቤ ስቀርብ ሴትዮዋ በፍቅር አንድ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ ከላይ አፈሰሰችብኝ። ረቡዕ ነው እኮ! «ጾም! ጾም!» ብዬ ጮህኩ። ሱኒታ ስታስረዳ ሴትዮዋ ደነገጠች፣ ሳህኑን ወስዳ ከመጀመሪያው ደግማ አቀረበች፤ ከዚያ የራሷን ጎመን ጨመረችልኝ። መንገዱ እስኪጠረግ ቀኑ መሸ፤ እዚያው እሷ ቤት አደርን። የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝና ጠዋት አቅፋ ሸኘችኝ።

ሐሙስ።

በጂፕ ወጥተን፣ ጂፑ ሲያቅተው በእግር ወጣን። ድንገት ደመናው ተገፈፈና ሂማሊያ ታየኝ። ነጭ! ነጭ በነጭ! ከደመናው በላይ ሌላ ምድር አለ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። «ይህንን ነበር በጠመኔ ስስለው የኖርኩት?» ብዬ መንገድ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሱኒታ ደክሞኝ መስሏት ብርቱካን ላጠችልኝ። ብርቱካኑን እየበላሁ አለቀስኩ።

ቤቱ ከታች በቀይ ከላይ በነጭ አፈር የተለቀለቀ ነው። ወለሉ በእበት ተለስኗል፤ ሽታው የእናቴን ቤት አስታወሰኝ። አማ ሮጠው ወጥተው እጄን ያዙ፤ ትንሽ፣ ሳቂታ ሴት። ባ ግን ቀስ ብለው መጡ። ሰባውን የተሻገሩ፣ ቀጥ ያሉ ገበሬ ናቸው፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። መዳፋቸውን ገጥመው «ናማስቴ፣ ፓሁና» አሉ። ሳምዲኒ አይደለም፤ ፓሁና።

እንግዲህ እኛ አገር ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ እንደማይቀመጥ ታውቃላችሁ። እኔም ወጌን ይዤ ቆምኩ። አማ ምንጣፍ አነጠፉ፤ «ጉዳይ አለኝ፣ አልቀመጥም» አልኩ። ምንጣፉ አልተመቻት ይሆናል ብለው በርጩማ አመጡ። አልቀመጥም። ከጎረቤት ወንበር ተላከ። አልቀመጥም። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከእጄ ወጣ። እንግዳዋ ጉልበቷን ታማለች ተባለና ከላይ ሠፈር አንድ ሰውዬ ባለመደገፊያ ሶፋ በጀርባው ተሸክሞ፣ ዳገት ወርዶ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ መጣ። ሶፋ! እንዲህ ለፍቶ ያመጣን ሰው ፊት እንዴት ይቆማል? ተቀመጥኩ። መንደሩ ሁሉ በደስታ አጨበጨበ። ሽማግሌነቴ እዚያች ሶፋ ላይ አለቀ።

ጉዳዬን ስጀምር ባ ስለ ላሞቻችን ጠየቁኝ። ደግሜ ስጀምር ስለ ዝናባችን ጠየቁ። በስተመጨረሻ የባለቤቴን በሶ አውጥቼ ሰጠኋቸው። አልቀመሱትም፤ ለበዓሉ ሱባኤ ይዘዋል። ከመዳፋቸው ላይ አድርገው አሸተቱት፤ «ጆ» አሉ፣ ገብስ ማለታቸው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ተነሥተው ከጓዳው አጠገብ ወዳለች አንዲት የተዘጋች ክፍል ውኃ ይዘው ገቡና በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

ዓርብ።

ጠዋት አማ ቁርስ ሲያቀርቡ እንደ ጾምኩ ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ። ሮጠው ሄደው አንድ ትልቅ ኩባያ ትኩስ ወተት፣ ከላዩ እርጎ፣ ከጎኑ ሙዝ አመጡልኝ። በእነሱ ጾም ወተት ይጠጣል ለካ! ባም ዘጠኝ ቀን የጾሙት ወተትና ፍራፍሬ ነው። ወተት እየጠጡ ጾም! ሳቄን ውጬ ሙዙን በላሁ።

ከዚያ ሁሉም ወጡ። ባ ተራራው ጫፍ ወዳለው መቅደስ፣ አማ ሣር አጨዳ፣ ሱኒታ ገበያ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ከትናንት ጀምሮ ሥራ ልንካ ባልኩ ቁጥር «ፓሁና! ፓሁና!» እያሉ ይነጥቁኛል። ሰው ቤት እጄን አጣጥፌ መዋል ሞቴ ነው። ግቢውን ስዞር ከዚያች ክፍል በኩል ሽታ መጣብኝ፤ የማውቀው ሽታ። በሩ አልተቆለፈም። ገፋ አደረግሁት።

ጨለማ ነው። ማዕዘኑ ላይ፣ በሸክላና በቅጠል ሳህን ላይ፣ የጎነቆለ ገብስ! ከስንዝር በላይ አድጎ፣ ፀሐይ ስላላየው ቢጫ ሆኖ ቆሟል። «ወይ እናቴ! በበዓሉ ግርግር ብቅላቸውን ረስተውት!» አልኩ። የእኛ ሰው እስቲ ፍረዱኝ፤ ጓዳ ውስጥ ገብስ ተዘፍዝፎ፣ በጨለማ ጎንቁሎ ስታዩ ምን ትላላችሁ? ለጠላ ነው እንጂ ለምን ይሆናል? አፈር ላይ መዝራታቸው ትንሽ ገረመኝ፤ የየአገሩ ወግ ነው ብዬ አለፍኩት። ሊበሰብስ ነው! በመጨረሻ እነሱን የምረዳበት ነገር አገኘሁ። እየዘመርኩ አንድ በአንድ አወጣሁ፣ ከአፈሩ ነቀልኩ፣ በውኃ አጠብኩ፣ የተያያዘውን በጣቴ አፍታታሁ፣ ግቢው መሐል ሰሌን አንጥፌ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። እንዴት እንዳማረ! «ባለሙያ መሆኔን ዛሬ ያያሉ» አልኩ።

አማ ሣራቸውን ተሸክመው ገቡ። ሰሌኑን አዩ። ሣሩ ከጀርባቸው ወደቀ።

አልጮኹም። አፋቸውን በእጃቸው ይዘው መሬት ላይ ተቀመጡ። ክው አልኩ። ሱኒታ እስክትመጣ የቆየሁት ጊዜ ከአዲስ አበባ ካትማንዱ ካለው ይረዝማል። ስትመጣ ነገሩን በቀስታ ነገረችኝ። ገብሱ «ጀማራ» ይባላል። በበዓሉ በመጀመሪያው ቀን ተዘርቶ በጨለማ ይጠበቃል፤ ፀሐይ አያየውም፣ እንግዳ ወደዚያች ክፍል አይገባም። ባ ዘጠኝ ቀን እየጾሙ፣ እየጸለዩ ውኃ ያጠጡታል። ነገ ሽማግሌው ልጆቻቸውን ሲመርቁ ከጆሮ ላይ የሚሰኩት እሱ ነው። ምርቃቱ የሚያርፍበት ገብስ ነው። እኔ ደግሞ ነቅዬ፣ አጥቤ፣ አሰጣሁት!

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ምርቃት ልለምን መጥቼ ምርቃቱን ከነሥሩ ነቀልኩት። ባ ሲመለሱ ሰሌኑ ፊት ቆሙ፣ አዩት፣ አዩኝ፣ ወደ ቤት ገቡ። የቀረውን ቀን አንድም ቃል አልተናገሩም። ጎረቤቶች ወሬው ደርሷቸው ከየራሳቸው ጀማራ ትንሽ ትንሽ በቅጠል ጠቅልለው አመጡ፤ አንዳቸውም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፣ እንዲያውም አንዲት ሴት ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ያ ደግነት ይበልጥ አቃጠለኝ። ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ልጄን ምን ብዬ ነው የማያት? ባለቤቴስ «አላልኩሽም?» ሲለኝ?

ቅዳሜ።

ቀኑ እንዴት ያለ ነው! ሰማዩ ተወልውሏል፣ ተራሮቹ ደጅ ድረስ መጥተዋል፣ ልጆች ከረጃጅም ቀርከሃ በተሠራ ዥዋዥዌ ላይ ይጮኻሉ። በየቤቱ ሰው አዲስ ልብስ ለብሶ ለምርቃት ይሰለፋል። እኔ ከከብቶቹ በረት አጠገብ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬአለሁ።

ባ ጸሎታቸውን ጨርሰው በራፉ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው በእርጎና በቀይ ቀለም የተለወሰ ሩዝ አለ፤ «ቲካ» ይሉታል፣ ግንባር ላይ የሚለጠፍ ነው። ሱኒታን መረቁ፣ የወንድሞቻቸውን ልጆች መረቁ። ከዚያ አንድ ነገር አሉ። ሱኒታ ዞራ «ይጠሩዎታል» አለችኝ።

ፊታቸው ቀርቤ በጉልበቴ ተንበረከክሁ። ባ «ለምን ፀሐይ ላይ አወጣሽው?» አሉ።

«አባቴ፣ አፈር ስሆን ይስሙኝ» አልኩ። «በእኛ አገር ገብስ በጨለማ የሚጎነቁለው ድግስ ሲኖር ነው። ልጅ ሊዳር ሲል እናት አስቀድማ ገብስ ትዘፈዝፋለች። ሲጎነቁል ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ጎረቤት በአጥር አይቶ ‹የማን ሠርግ ነው?› ይላል። እኔ ያንን ገብስ ሳይ ልጄ ታየችኝ። እጄ ራሱ ሄደ። ክፋት አልነበረኝም።»

ሱኒታ አስተረጎመች። ባ በሩቅ የሚወርደውን ወንዝ እያዩ፣ ዓመት ሙሉ የያዙትን ነገር ተናገሩ፦ «ልጄ እሳቴን ሊለኩስ ይመጣል?»

ለዚህ ስንት ያማረ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ሁሉም ከአፌ ጠፋ። የሆዴን አወጣሁት። «አባቴ፣ የአባቱን ቀብር የቀረ ሰው እኛ ዘንድ ሰው አይባልም። ያን ቀን ከቀረ፣ ሚስቱን ነጥቄ ልጄን ይዤ ቤቴ እገባለሁ!» አልኩ። ድምፄ ጨምሮ ኖሮ ላሞቹ ዞረው አዩኝ።

ሱኒታ ለማስተርጎም አመነታች። «በይ እንዳለ ንገሪያቸው» አልኳት። ነገረቻቸው። በመጀመሪያ የሳቁት አማ ናቸው፤ ከዚያ ጎረቤቱ፤ ከዚያ ባ፣ ያ ምንም የማይነበብበት ፊት ተሰንጥቆ ጥርስ የሌለበት ሳቅ ወጣው። ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ተነሡ። ጎረቤት ያመጣውን ጀማራ ትተው ወደ ሰሌኑ ሄዱ። እኔ ያሰጣሁት፣ ጠውልጎ፣ ጫፉ መድረቅ ከጀመረው ቆንጠር አደረጉና ተመለሱ። ሩዙን ግንባሬ ላይ ለጠፉ፣ ጀማራውን ከጆሮዬ ላይ ሰኩ፣ እጃቸውን ራሴ ላይ አድርገው መረቁ። ቋንቋው እንደ ግዕዛችን የቆየ ነው አሉ፤ አንድም ቃል አልገባኝም፤ ነገር ግን ሽማግሌ ሲመርቅ ያስታውቃል። የንስሐ አባቴ እንዳሉኝ ተቀበልኩ። በሆዴ «አሜን» አልኩ፤ በአፌም አልኩ።

ከዚያ የቀረውን ገብስ አንድ ሳያስቀሩ ለቅመው፣ በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ሱኒታ ስታስተረጉም ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር፤ «ዘጠኝ ቀን ጸልዬበታለሁ፣ እንዳይባክን። ለሠርጉ ጥመቂው።» የመጨረሻዋን ቃል ግን ማንም ማስተርጎም አላስፈለገውም።

«ሳምዲኒ» አሉኝ።

እልል አልኩ። መንደሩ እልልታ አያውቅም ነበር፤ ደንግጦ አፈጠጠብኝ። ደገምኩት። በሦስተኛው አማ አብረውኝ ሞከሩ።

የመመለሻው ነገር ረጅም አይደለም። እሑድ ተሰናብቼ ስወርድ ያ ባለ ሶፋ ሰውዬ እስከ ጂፑ ሻንጣዬን ተሸከመልኝ። የተናደው መንገድ ተጠርጎ ነበር፤ ያቺ ደግ ሴት ጋ ወርጄ በቅቤ በላሁላት። ማክሰኞ ከሰዓት ደብረ ታቦር ገባሁ፤ ብርዱ ሲቀበለኝ ሹራቤን አጥልቄ «እሰይ አገሬ!» አልኩ።

ባለቤቴ፣ ሰናይትና ሱራጅ በር ላይ ቆመዋል። ማንም «እንኳን ደህና ገባሽ» አላለም። ሰናይት ከንፈሯን ነክሳለች። ባለቤቴ «እሺ፣ ምን አሉ?» አለ፤ ለእሱ ግድ እንደሌለው ሰው ወደ አጥሩ እያየ።

ቋጠሮውን ፈትቼ ዘረጋሁለት። ሱራጅ ገና ሲያየው አወቀው፤ ግድግዳውን ደገፈና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ባለቤቴ ከገብሱ ቆንጥሮ በጣቱ አሸው፣ አሸተተው፣ ቅንድቡን ሰበሰበ። «ይሄማ ለብቅል አልፎበታል» አለ።

«ከእኛው ጋር እደባልቀዋለሁ» አልኩት።

ዞሮ ወደ ጓዳ ገባ። ከባድ ነገር ሲጎተት ሰማን። ከሰናይት ክርስትና ወዲህ ከቦታው ያልተነሣውን ትልቁን ጋን እያንከባለለ፣ አቧራ ለብሶ ወጣና ግቢው መሐል አቆመው።

«ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? ይሄ ጋን አይታጠብም? ውኃ አምጡ እንጂ!» አለ።

ሱራጅ ባልዲውን ይዞ ሮጠ።